የ14 ዓመት ልጅ ሰው ወጋ፤ ዳኛው የት ይላከው?

ጃንተከል፦
ሰላም ያገሬ ልጆች። ለዛሬ ክርክር አንድ ጉዳይ አምጥቻለሁ። የማንም እውነተኛ ታሪክ አይደለም፤ እኔው ያቀናበርኩት ነው። ግን ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለ የጎንደር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው።

ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ከአያቱ ጋር ይኖራል። ትምህርቱን 5ኛ ክፍል ላይ አቋርጧል። ቀን አውቶቡስ ተራ ሻንጣ ይሸከማል፤ ማታ ከትልልቆቹ ጋር ይዞራል። አንድ ምሽት የአንድ ተማሪ ስልክ ሊነጥቁ ሲሉ ተማሪው አልሰጥም ብሎ ታገለ። ልጁ በጩቤ እጁን ወጋው። ተማሪው ድኗል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ትልልቆቹ አመለጡ። የተያዘው ትንሹ ብቻ ነው፤ ጥፋተኛ ተብሏል።

ጥፋቱ አያከራክረንም። ዳኛው የት ይላከው? ወደ አያቱ? ልጆች ብቻ ወደሚያዙበት ጠባይ ማረሚያ? ወደ ትልቁ ማረሚያ ቤት? ሀሳባችሁን ከነምክንያቱ አምጡ። ስድብ ይሰረዛል።

ልጅ አዘዞ፦
ይሄ ምኑ ያከራክራል? ይግባ! ጩቤ የሚይዝ ልጅ እስር ቤትም ይችላል። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የማልገባበት ሰፈር አለ። ምክንያቱ እነዚሁ «ሕፃናት» ናቸው። ትልልቆቹ ጩቤውን ሆን ብለው ለትንሹ ያስይዙታል። ሕጉ እንደማይነካው ያውቃሉ።

ቀሃ፦
ይነካዋል እንጂ። የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ሕጉን ላስቀምጥና ከዚያ እንከራከር።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 52 ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ግን ይጠየቃል። በአንቀጽ 53 መሠረት የአዋቂ ቅጣት አይፈረድበትም፤ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ለእሱ የተዘጋጁት እርምጃዎች ከአንቀጽ 157 እስከ 168 አሉ። ታማሚ ከሆነ ሕክምና ቦታ ይገባል። ወይ አደራ የሚቀበል ታማኝ ሰው ወይም ተቋም ተፈልጎ በክትትል ሥር ይማራል። ወይ ተወቅሶና ተገሥጾ ይለቀቃል። ወይ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ውስጥ ተወስኖ እንዲቆይ ይታዘዛል። ወይ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ይገባል፤ ይህ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው፤ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል።

አንቀጽ 168 ደግሞ ከበድ ይላል። ወንጀሉ በመደበኛው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ዳኛው ልጁን ከ1 እስከ 10 ዓመት ሊያቆየው ይችላል። ከባድ የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ስለዚህ የጃንተከል ልጅ 168 ውስጥ ይገባል ብሎ የሚከራከር ዓቃቤ ሕግ አይጠፋም። «ሕጉ አይነካውም» የሚለው ወሬ የመንገድ ወሬ ነው።

ልጅ አዘዞ፦
ጎበዝ፣ አንቀጹን ሸምድደሃል። ያ ጠባይ ማረሚያ ጎንደር የት ነው ያለው?

ቀሃ፦
ጎንደር ላይ አሳየኝ ብትለኝ የማሳይህ የለኝም። ስሙ የሚታወቀው አዲስ አበባ ልደታ ያለው ነው። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ሲባል ኖሯል።

ልጅ አዘዞ፦
ተግባባን። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። አያቱ ልትጠይቀው ስትሄድ በምን ትሄዳለች? እንግዲህ ያለው ትልቁ ማረሚያ ቤት ነው፣ ወይ መለቀቅ ነው። እኔ ትልቁ አልኩ።

አንገረብ፦
ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ፖሊስ ነኝ። ትልቁን እንዲህ በቀላሉ አትበለው።

የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 የተያዘ ልጅ ወዲያውኑ አቅራቢያ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። «ወዲያውኑ» ነው የሚለው። እኛ ጋ ቅዳሜ ማታ የተያዘ ልጅ እስከ ሰኞ ጣቢያ ነው። ጣቢያ ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ አንድ ነው። ከሌባና ከሰካራም ጋር ላለመቀላቀል ተረኛው አጠገብ ኮሪደር ላይ እናስተኛቸው ነበር። ብርድ ነው፤ ግን ከውስጡ ይሻላል። አዲስ አበባ ጣቢያዎች ላይ የሕፃናት ጥበቃ ክፍል የሚባል ተከፍቷል። እኔ በሠራሁበት ጊዜ እኛ ጋ ይህ በወረቀት ብቻ ነበር።

ውስጥ ገብተው የወጡ ልጆችንም አይቻለሁ። ሲገቡ ኪስ ያወልቃሉ። ሲወጡ ማን ምን እንደሚገዛ፣ የተሰረቀ ስልክ የት እንደሚሸጥ፣ ማን ምስክር እንደሚያስፈራራ ያውቃሉ። በስም የሚያውቁት ሰው አላቸው። ያንን ሰው ያገኙት እኛ ባስገባናቸው ቤት ነው። ኅዳር 2008 የከተማችን ማረሚያ ቤት ሲቃጠል ሰው መሞቱንም አትርሱ። የ14 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ መላክ ለኔ ፍርድ አይደለም።

ልጅ አዘዞ፦
ጋሼ አክባሪዎ ነኝ። ግን የተወጋው ልጅስ? ሁሉም ሰው ለወጊው ነው የሚያዝነው።

እመት ማራኪ፦
እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ማንም የማይጠይቀውን ጠየቅህ። የኔን ልጅ ስልክ ነጥቀው ጥርሱን ሰብረውታል። ያጠፋው 15 ዓመት ያልሞላው ነበር። ችሎት ሄድኩ፤ በዝግ ነው ተብዬ ውጭ ተቀመጥኩ። ካሳ ብዬ ስጠይቅ እዚህ አይታይም ተባልኩ። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ የነገረኝ የለም።

ቀሃ፦
እትዬ፣ ልንገርዎ። ጋሽ አንገረብ የጠቀሱት የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 176 የልጅ ጉዳይ በዝግ ይታይ ስለሚል ነው ውጭ የቀሩት። ካሳውን ደግሞ የዚያው ሕግ አንቀጽ 155 ይከለክላል፤ ተከሳሹ ልጅ ከሆነ የካሳ ጥያቄ ከወንጀሉ ክስ ጋር ተጣምሮ አይታይም። ለብቻው የፍትሐ ብሔር ክስ መክፈት ይችሉ ነበር።

እመት ማራኪ፦
ማንን ልክሰስ? እናቱን? ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት። ድስቷን ልውሰድ?

እኔ ልጁ ይሰቀል አላልኩም፤ እኔም እናት ነኝ። የከፋኝ ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጄ ትምህርት ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘው። ሳቀበት አለኝ። ልጄ ከዚያ ወዲያ ሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። እስቲ እናንተ የተማራችሁ ንገሩኝ፤ ያጠፋው በቀጥታው መንገድ እየሄደ የተበደለው ለምን ይዞራል? ዳኛው «ወደ ቤቱ ይመለስ» ሲል ያ ቤት ከኔ ቤት ስንት በር እንደሚርቅ ጠይቋል?

ጃንተከል፦
እትዬ፣ ጥያቄውን ከኔ በተሻለ ጠየቁት። «የት» ስንል ከማን አጠገብ ማለትም ነው። ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ወላጁን፣ መምህሩን፣ የሚያውቀውን ሰው ጠርቶ መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል። በዚያ ጥያቄ ውስጥ የተበዳዩ ሰፈር ቢገባ ማን ይከለክላል?

ወለቃ፦
ነርስ ነኝ። ሁላችሁም አልፋችሁት የሄዳችሁት ነገር አለ። 14 ነው ያለው ማን ነው?

የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ይህ ልጅ ያኔ ተወልዶ ይሮጥ ነበር። የልደት ካርድ የለውም። አያቱ «የጥምቀት ሳምንት ነው የተወለደ» ትላለች፤ የትኛው ዓመት ጥምቀት ስትባል «ያ ዝናቡ የጠፋበት» ትላለች። የክርስትና ወረቀት ቢኖርም ካህኑ ከእናቱ ሰምቶ የጻፈው ነው። ከዚያ ዕድሜው ይገመት ተብሎ ሆስፒታል ይላካል። የእጅ አንጓ ራጅ ይነሳል፣ ጥርሱ ይታያል። ራጁ ግን ልክ ቀኑን አይነግርህም። በአንድ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። እኛ «ከ14 እስከ 16» ብለን እንጽፋለን።

እንግዲህ ዳኛው ይህን ወረቀት ይዞ ምን ያድርግ? 14 ከሆነ ጠባይ ማረሚያ ነው። 15 ካለፈስ?

ቀሃ፦
15 ካለፈ አንቀጽ 56 ውስጥ ይወድቃል። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ነው የሚዳኘው። ዳኛው ሲፈልግ ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ሲፈልግ የልጆቹን እርምጃ ይጠቀማል። ፈቃዱ የዳኛው ነው። የሞት ቅጣት ብቻ በግልጽ ተከልክሏል።

ችግሩ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ልጅ የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ነው። አንቀጽ 37 እስር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ ጊዜውም አጭር ይሁን ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። አንቀጽ 36 ደግሞ ማረሚያ የገቡ ልጆች ከአዋቂ ይለዩ ይላል። የመንግሥታቱ ድርጅት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወንጀል ተጠያቂነት ዕድሜ ቢያንስ 14 ይሁን ብሎ መክሯል። የኛ 9 ላይ ነው።

ልጅ አዘዞ፦
ስለዚህ የ17 ዓመቱም ልጅ ነው? ጢም ያለው?

ወለቃ፦
ጢም ዕድሜ አይደለም ወንድሜ። ራጁ ያልቻለውን በጢም ልትለካው ነው?

በበኩሌ የጠራ ማስረጃ ከሌለ ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን ነው የምለው። ተሳስተን አዋቂውን ከልጅ ጋር ብናስገባ አደጋ አለው፤ አልክድም። ልጁን ከአዋቂ ጋር ብናስገባ ግን የሚደርስበትን እኛ ነን የምናክመው። የማክመውን እዚህ አልጽፍም።

የሜሪላንዱ፦
ከባሕር ማዶ ሆኜ ስከታተል ነበር፤ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አሜሪካ በ1990ዎቹ (በነሱ አቆጣጠር) ብዙ ግዛቶች ልጆችን ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት የሚያስተላልፍ ሕግ አወጡ። የልጅ አዘዞ ሀሳብ ማለት ነው፦ ይግባ! በ2007 የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላቸው የጥናቶች ግምገማ አሳተመ። ወደ አዋቂዎች ሥርዓት የተላለፉት ልጆች በልጆች ሥርዓት ከቀሩት ይልቅ በኋላ የኃይል ወንጀል እንደሚበዛባቸው አገኘ። ጋሽ አንገረብ በዓይናቸው ያዩትን ነው ወረቀቱ የሚለው።

ሁለተኛ፣ ሚዙሪ የምትባል ግዛት አለች። ቡንቪል የሚባል ትልቅ የወንዶች ልጆች ማረሚያ ነበራት። በድብደባና በጭካኔ የታወቀ ቦታ ነበር። በ1983 ዘጉት። በምትኩ ትንንሽ ቤቶችን በየአካባቢው ከፈቱ፤ ልጁ ከቤተሰቡ ብዙም ሳይርቅ ከጥቂት እኩዮቹ ጋር እንዲኖር። ቤተሰብ ይመጣል፣ ይመክራል፣ ይመከራል። ሌሎች ግዛቶች እየሄዱ የሚማሩበት ሆኗል።

ልጅ አዘዞ፦
እናንተ ዳያስፖራዎች እዚያ ያያችሁትን ሁሉ እዚህ ትከሉ ትላላችሁ። ማስታመሚያ የሌለው ሆስፒታል፣ ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት ባለበት አገር ለሌባ ቪላ ይሠራ?

የሜሪላንዱ፦
ቪላ አላልኩም። ትልቁን ግንብ ከመገንባት ትንሿን ቤት መከራየት ይረክሳል ነው ያልኩት። ከልደታ ሌላ ተቋም ይሠራልን ብለን በጀት ስንጠብቅ ስንት ልጅ ያድጋል?

አያ ሳሙና በር፦
እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ጽሑፉንም የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

በጃንሆይ ጊዜ በወጣው የ1949ኙ ሕግ ልጅ ሲያጠፋ ዳኛ ግርፋት ማዘዝ ይችል ነበር። አሁን ቀርቷል፤ ደግም ቀረ። ግን እናንተ ፍርድ ቤቱን ብቻ ነው የምታወሩት። እኛ ሽምግልና አለን። የሁለቱ ወገን ዘመድ ይቀመጣል። የልጁ ወገን የሕክምናውን ይከፍላል። የተበዳዩ እናት ደግሞ ልጁ ከሰፈር ይራቅልኝ ካለች አጎቱ ጋ ደንቢያ ወይ ጭልጋ ይላካል። ሁለት ሦስት ዓመት ከብት እየጠበቀ ልብ ይገዛል። እመት ማራኪ ያለችው ችግርም በዚህ ይፈታል።

ወለቃ፦
አያ፣ የሚሉት ለእትዬ ይፈታል። ለልጁስ? ከብት ጠባቂ ሆኖ ትምህርት የለም። በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ስንቱ የገጠር ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትጥቅ ያለው ሰው ወዳለበት ጩቤ የያዘ ልጅ መላክ ልብ መግዣ አይሆንም።

አያ ሳሙና በር፦
እሱስ ልክ ነሽ ልጄ። ዘመኑ ከፍቷል። ግን ሽማግሌውን አትተዉት። ዳኛ ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀቱ እንዲከበር የሚያደርግ የሰፈር ሰው ነው።

ጃንተከል፦
አሁን የራሴን ልናገር። ጥያቄውን ያመጣሁት ሀሳብ ይዤ ነው።

ሕጉ ብዙ አማራጭ ዘርዝሯል። ጎንደር ላይ ለተቀመጠ ዳኛ ግን በተግባር የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ ወይ ቤቱ፣ ወይ ከአዋቂ ጋር ያለው እስር። ቤቱ ማለት ልጁን ጩቤ እስኪይዝ ድረስ መጠበቅ ያልቻለችው አያት ናት። ድካሟ ነው እንጂ ጥፋቷ አይደለም። ስለዚህ ዳኛው ወይ ምንም አላደረገም ይባላል፣ ወይ ልጁን አበላሸው ይባላል። ሰውም «ልጅ ስለሆነ ለቀቁት» ይላል። ልጅ አዘዞን እዚያ ላይ እረዳዋለሁ፤ መለቀቅና እርምጃ መውሰድ አንድ ሆነው ከታዩት ሊቆጣ ይገባል።

እኔ የምለው ሁለተኛዋን እርምጃ፣ አንቀጽ 159ን እናንሳት ነው። በታማኝ ሰው ክትትል ሥር መማር የምትለዋን። ይህች ግንብ አትፈልግም፤ ሰው ነው የምትፈልገው። ስም ያለው ሰው። ልጁ ከተበዳዩ ሰፈር ርቆ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ማታ የሚያድርበትና ቀን የሚውልበት የታወቀ ይሁን። አንድ ጋራዥ፣ አንድ እንጨት ቤት፣ አንድ የማታ ትምህርት ቤት። በየሳምንቱ አንድ ሰው ለፍርድ ቤቱ «መጥቷል፣ አልመጣም» ብሎ ይጻፍ። ካልሠራ ዳኛው ትእዛዙን ይለውጠው፤ ሕጉ ይፈቅድለታል። ያኔ ልደታም ቢሆን ይላክ፤ ቢያንስ ሌላው ተሞክሮ ነው።

እዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ሞልቷል። እድር በየሰፈሩ አለ። የጎደለን «እኔ እረከበዋለሁ» የሚል ሰው ነው።

አንገረብ፦
ደግ ብለሃል። የ168ቷን ግን አትርሳ። አንዳንዱ ልጅ በእውነት አደገኛ ነው። አይቻቸዋለሁ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። ለእነሱ ጋራዥ አይሆንም።

ጃንተከል፦
እስማማለሁ ጋሼ። ለእነዚያ ለጥቂቶቹ ነው የተዘጋ ቦታ የሚያስፈልገው፤ እሱም ከአዋቂ የተለየ። ችግሩ አሁን ለጥቂቱም ለብዙውም መልሱ አንድ መሆኑ ነው።

እመት ማራኪ፦
እኔ እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን ይግባ። አንደኛ፣ ልጁ ካገኘው የቀን ሂሳብ ላይ ጥቂት ጥቂት ለተጎዳው ይቆረጥ። ጥርስ አያስተክልም፤ ግን እንዳጠፋ ይወቀው። ሁለተኛ፣ የት እንዳለ ይነገረኝ። ልበቀለው አይደለም። ልጄ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ልወቅ።

ቀሃ፦
እትዬ፣ ሁለተኛው ይከብዳል። ችሎቱ በዝግ የሚሆነው የልጁ ማንነት እንዳይወጣ ነው። «ከዚህ ሰፈር ውጭ ነው» ተብሎ ቢነገርዎ ይበቃዎታል?

እመት ማራኪ፦
አይበቃኝም። ግን ካሁኑ ይሻላል።

ልጅ አዘዞ፦
እሺ፣ እኔን አሳመናችሁኝ አልልም። ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። አሁን ጃንተከል የጠራው ባለጋራዥ ይምጣና ይናገር። በሌላ ሰው ጋራዥ ደግ መሆን ቀላል ነው።

ባለጋራዥ፦
ስሜ ተጠራ፤ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። አዘዞ መንገድ ላይ ጋራዥ አለኝ። ልጆች አስተምሬ አውጥቻለሁ፤ ከጎዳና የመጡም ነበሩ። ሥራ ይወዳሉ፣ ቶሎ ይለምዳሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የደንበኛ መኪና ውስጥ ያለ ዕቃ ቢጠፋ፣ ወይ ልጁ ከሠራተኛ ተጣልቶ በመፍቻ ቢመታው፣ ማን ነው የሚከፍለው?

ቀሃ፦
እውነቱን ልንገርዎ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ይጠየቃል። አንቀጽ 2125 ደግሞ ልጁ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ኃላፊነቱ ወደዚያ ሰው ይሄዳል ይላል፤ ልጁን በአደራ የያዘው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሙያ የሚያስተምረው ወይም የሚያሠራው። ሥራ ላይ እያለ ያ ሰው እርስዎ ነዎት።

ባለጋራዥ፦
ታዲያ ይኼን ሰምቶ ማን ይቀበላል?

አያ ሳሙና በር፦
እድሩ ዋስ ቢሆንስ? ለለቅሶ የምናዋጣው አለ። ከዚያ ላይ ትንሽ ብንመድብ?

ባለጋራዥ፦
አያ፣ እድሩ በጽሑፍ ከፈረመ አንድ ልጅ እወስዳለሁ። ማደሪያውን ሌላ ሰው ይያዝ፤ እኔ የቀኑን ነው የምችለው። ፍርድ ቤት ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ደግሞ «ታማኝ ሰው» ብሎ ብቻ አይለፈኝ፤ ልጁ ያልመጣ ቀን ለማን እንደምደውል ስልክ ቁጥሩን ይጻፍልኝ።